«ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ የመድኃኒት ስህተትን ለምን አያቆምም?

ጥያቄ፦ «በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ባለፈው ሰሞን ለአንድ ታካሚ በደም ሥር ሊሰጥ የተዘጋጀው መድኃኒት ከሌላ አምፑል (ትንሽ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ) የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። ባልደረባዬ በመጨረሻዋ ደቂቃ ባዶውን አምፑል አይታ ነው የተረፍነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ ‹መድኃኒት ሲሰጡ ይጠንቀቁ› የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እኛ ግን ድሮም እንጠነቀቃለን። እንዲህ ጥድፊያ በበዛበት ቦታ ስህተትን በእውነት የሚቀንሰው ምንድን ነው? በጀት ሳንጠብቅ ከምን እንጀምር? ስህተቱ ታካሚው ጋ ከደረሰስ መጀመሪያ ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ጥያቄዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «ድሮም እንጠነቀቃለን» ያሉት ላይ ነው። እውነትዎን ነው። እኔ የድንገተኛ ክፍል ፋርማሲስት ነኝ። ስህተት ሲደርስ፣ ወይም ለጥቂት ሲያመልጥ፣ ነገሩ እንዴት እንደሄደ ከሥሩ ማጣራት አንዱ ሥራዬ ነው። በእነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ ግድ የለሽ ሰው የማገኘው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የማገኘው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብዙ ታካሚ ይዞ፣ ከግራም ከቀኝም እየተጠራ፣ የሚችለውን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ነው። ለዚህ ሰው «ተጠንቀቅ» የሚል ወረቀት ምንም አይጨምርለትም።

ስለዚህ መልሴን ላስቀድም። ስህተትን የሚቀንሰው ስህተቱን ለመሥራት የሚያስቸግር፣ ከተሠራም ታካሚው ጋ ሳይደርስ የሚያጋልጥ አሠራር ነው። የሰው ትኩረት ይደክማል። አሠራር ግን ሌሊትም ቀንም ያው ነው።

ድንገተኛ ክፍል ለምን እንደሚለይ እናስታውስ። በተኝቶ ሕክምና ክፍል አንድ መድኃኒት ታካሚው ጋ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰው ያየዋል። ሐኪሙ ይጽፋል፣ ፋርማሲስቱ ይመለከታል፣ ነርሷ ትሰጣለች። አንዱ ያለፈውን ሌላው ይይዘዋል። እናንተ ጋ ግን ይህ ሁሉ ወደ አንድ ደቂቃ ይጨመቃል። ትዕዛዙ በቃል ይመጣል። መድኃኒቱ እዚያው ካለው ካቢኔ ይወጣል። የምትቀዳውም የምትሰጠውም አንድ ነርስ ነች። ፋርማሲስት ቢያየውም የሚያየው ከተሰጠ በኋላ ነው። ታካሚው ራሱን ስቶ ሊሆን ይችላል። ክብደቱ አይታወቅም። ምን እንደሚወስድ፣ ምን እንደማይስማማው የሚናገርለት የለም። የኩላሊት ምርመራው ውጤት ገና አልመጣም። መድኃኒቱ ደግሞ አብዛኛው በደም ሥር ነው። አንዴ ከገባ አይመለስም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 «መድኃኒት ያለ ጉዳት» የሚለውን ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ የመድኃኒት ስህተት በዓለም ላይ በየዓመቱ 42 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያስወጣ ገምቶ ነበር። ዘመቻው ልዩ ትኩረት የሰጣቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ አደገኛ መድኃኒቶችና ሁኔታዎች፣ አንድ ሰው ብዙ መድኃኒት መውሰዱ፣ ታካሚ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ። ሦስቱም በአንድ ሌሊት የሚገናኙት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው።

የመከላከያ እርምጃዎች ጉልበታቸው እኩል አይደለም። ደካማው ማሳሰቢያና ስልጠና ነው። ከእሱ የሚሻለው ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ስህተቱን ጨርሶ እንዳይቻል ማድረግ ነው። የፖታሲየም ክሎራይድ ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። ያልተበረዘው ፖታሲየም በአምፑል ሲመጣ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ለመበጥበጫ ከሚያገለግለው ንጹሕ ውሃ ወይም ከሳላይን (ከጨው ውሃ) አምፑል ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ተሳስቶ በሲሪንጅ በደም ሥር ቢገፋ ልብ ያቆማል። መሳቢያው ላይ «አደገኛ ነው» ብሎ መለጠፍ ይቻላል። ግን ብዙ ሆስፒታሎችን ከዚህ ሞት ያዳናቸው ሌላ ነገር ነው። አምፑሉን ከክፍሉ አወጡት። በምትኩ በፋርማሲ ወይም በፋብሪካ የተበረዘ ከረጢት አስገቡ። እጅ የማይደርስበትን አምፑል ማንም ተሳስቶ አያነሳም።

እናንተ ክፍል ይህ ዛሬ ካልተቻለ ቢያንስ አምፑሉን ለብቻው ቆልፉት። ከሳላይንና ከንጹሕ ውሃ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አይደር።

አሁን ወደ ቃል ትዕዛዝ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የድንገተኛ ክፍል ስህተት ብዙ ጊዜ የሚወለደው እዚህ ነው።

«አድሬናሊን አንድ ስጪ!» የሚል ድምፅ ተሰማ እንበል። አንድ ምን? አንድ አምፑል? አንድ ሚሊግራም? አንድ ሚሊሊትር? በደም ሥር ወይስ በጡንቻ? ልቡ ለቆመ አዋቂ ሰው አድሬናሊን 1 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ በየ3 እስከ 5 ደቂቃውም ይደገማል። ከባድ አለርጂ ለገጠመው፣ ልቡ ግን ለሚመታ አዋቂ የሚሰጠው 0.5 ሚሊግራም ነው፤ እሱም በጡንቻ፣ በጭኑ የውጭ ጎን። መድኃኒቱ አንድ፣ ዶዙ (የሚሰጠው መጠን) የተለያየ፣ መንገዱም የተለያየ። የልብ መቆሙ ዶዝ ተሳስቶ ለአለርጂው ታካሚ በደም ሥር ከተሰጠ፣ ደም ግፊቱ ጣራ ይነካል። የልብ ምቱ ይዛባል። ልቡ እንኳ ሊጎዳ ይችላል። ይህ ስህተት በብዙ አገር ደጋግሞ ደርሷል።

ነገሩን ያባባሰው የአምፑሉ ጽሑፍም ነው። አድሬናሊን ለረጅም ዘመን «1:1000» እና «1:10,000» ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል። አንደኛው በአንድ ሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ነው። ሌላው 0.1 ሚሊግራም። በጥድፊያ መሃል ዜሮ እየቆጠረ የሚያሰላ ሰው ቢሳሳት ምን ይገርማል? አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ይህን አጻጻፍ ከአምፑሎች ላይ አስቀርታ በሚሊግራም ብቻ እንዲጻፍ አድርጋለች። የእናንተ አምፑል አሁንም በድሮው መንገድ የተጻፈ ከሆነ፣ ካቢኔው ላይ ባለው ሳጥን ስንት ሚሊግራም በሚሊሊትር እንደሆነ በትልቁ ጻፉበት።

የቃል ትዕዛዝን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም። እጁ ደረት እየጫነ ያለ ሐኪም አይጽፍም። የሚቻለው ትዕዛዙን መዝጋት ነው። እንዲህ ይመስላል፦

ሐኪም፦ «አድሬናሊን፣ ዜሮ ነጥብ አምስት ሚሊግራም፣ በጡንቻ፣ ጭን ላይ።»

ነርስ፦ «አድሬናሊን፣ ዜሮ ነጥብ አምስት ሚሊግራም፤ ግማሽ ሚሊሊትር ቀድቻለሁ። በጡንቻ፣ ጭን ላይ።»

ሐኪም፦ «ትክክል።»

ነርስ፦ «ተሰጥቷል። ሁለት ሰዓት ከአሥር።»

የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ነው። ልብ ይበሉ፣ ነርሷ የደገመችው ስሙን ብቻ አይደለም። ሚሊግራሙን ወደ ሚሊሊትር ለውጣ ጮክ ብላ ተናግራለች። ስሌቱ ከተሳሳተ ሐኪሙ ይሰማዋል። ቁጥር የሚያሻማ ከሆነ ደግሞ ሁለቴ ይነገር። በጩኸት መሃል ስድሳና ሰባ ይምታታሉ። «ስድሳ፣ ስድስት ዜሮ» ሲባል ግን አይምታታም። ሐኪሙ «ትክክል» ካላለ መድኃኒቱ አይሰጥም። ይህን አንድ ሰው ብቻ ካደረገው እንደ ማካበድ ይታይበታል። የክፍሉ ሕግ ከሆነ ግን ማንም አይገረምም። ስለዚህ ኃላፊውና ከፍተኛ ሐኪሞቹ ራሳቸው ቢጀምሩት ነው የሚሻለው።

በጽሑፍ ለሚሰጥ ትዕዛዝ ደግሞ የታወቁ ወጥመዶች አሉ። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 «አትጠቀሙባቸው» ብሎ ዝርዝር ያወጣባቸው ናቸው። 1.0 ብሎ መጻፍ፤ ነጥቧ ካልታየች 10 ይሆናል። ከነጥብ በፊት ዜሮ መተው፤ .5 ተብሎ የተጻፈው 5 ተብሎ ይነበባል። ዩኒት የሚለውን በአንዲት የላቲን ፊደል ማሳጠር፤ ፊደሏ ዜሮ መስላ 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ይሆናል። ሞርፊንንና ማግኒዚየም ሰልፌትን በኬሚካል ምኅጻራቸው መጻፍም እዚያው ውስጥ አለ። ሁለቱ አጻጻፎች መንታ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አይገናኝም። የደም መርጋትን የሚያሟሙትን አልቴፕሌዝንና ቴኔክቴፕሌዝንም አታሳጥሩ። ቴኔክቴፕሌዝ ለስትሮክ ሲሰጥ ጣሪያው 25 ሚሊግራም ነው፤ ለልብ ደም ሥር መዘጋት ሲሰጥ ግን እስከ 50 ይደርሳል። ስሙ በትክክል ቢጻፍም ለምን ሕመም እንደሆነ አብሮ ካልተጻፈ አደጋው አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው መቅዳት ነው። የእርስዎ ባልደረባ የያዘችውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 98 ነርሶች 4271 ጊዜ መድኃኒት ሲሰጡ አጠገባቸው ቆሞ ተከታትሏል። አንድ ጊዜ መቋረጥ የሕክምና ስህተትን (እንደ የተሳሳተ መድኃኒት ወይም ዶዝ ያለውን) በ12.7 በመቶ ከፍ አድርጎ ተገኘ። አራት ጊዜ የተቋረጠች ነርስ ከባድ ስህተት የመሥራት ዕድሏ ምንም ካልተቋረጠችው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ሆነ፤ ከ2.3 ወደ 4.7 በመቶ። ይህ ጥናት የተሠራው በሆስፒታል ዋርዶች (በተኝቶ ሕክምና ክፍሎች) ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስንቴ እንደሚጠሩ እርስዎ ያውቁታል።

ስለዚህ መድኃኒት የሚቀዳበትን ቦታ ለዩት። ወለሉ ላይ ባለቀለም ፕላስተር መለጠፍ ይበቃል። መስመሩ ውስጥ የቆመ ሰው አይጠራም። ስልክ አያነሳም። አስታማሚ ከመጣ ሌላ ሰው ያነጋግረዋል። ሰው እየሞተ ከሆነ ግን ይጠራል፤ ይህ ግልጽ ነው። ከተቋረጡም ካቆሙበት አይቀጥሉ፤ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ሲሪንጅ ላይ መለያ ስለመለጠፍ አጥብቄ እናገራለሁ። ሰው ሊተነፍስ አቅቶት ቱቦ ሲገባለት አስቡት። ትሪው ላይ ሁለት ሲሪንጅ ተቀምጧል። በአንደኛው ኬታሚን አለ፤ ያስተኛል። በሌላኛው ሮኩሮኒየም አለ፤ ጡንቻን ሽባ ያደርጋል። ሁለቱም ውሃ ይመስላሉ። ሮኩሮኒየሙ ብቻውን ቀድሞ ከገባ፣ ታካሚው እያወቀ፣ እየሰማ፣ መተንፈስም መጮህም ያቅተዋል። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው አንዲት ቁራጭ ፕላስተርና እስክሪፕቶ ነው። የመድኃኒቱ ስም፣ በሚሊሊትር ያለው መጠን፣ የተቀዳበት ሰዓት። መለያው የሚለጠፈው ልክ እንደተቀዳ ነው እንጂ ባዶ ሲሪንጅ ላይ አስቀድሞ አይደለም። ቀድተው ወዲያው ራስዎ የሚሰጡት ብቻ ያለ መለያ ሊያልፍ ይችላል። ከእጅዎ ወርዶ ትሪ ላይ የተቀመጠ፣ መለያ የሌለው ሲሪንጅ ግን ይደፋል። «እኔ የቀዳሁት ነው፣ አውቀዋለሁ» አይሠራም። ባለቀለም መለያ ካላችሁ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል፤ የጡንቻ ማላሊያው (እንደ ሮኩሮኒየም ያለው) ቀይ፣ ሞርፊንና መሰሎቹ ሰማያዊ፣ ማስተኛው ቢጫ። ቀለሙ ያግዛል፤ ስሙን ማንበብን ግን አይተካም።

እዚህ ላይ በመላው ዓለም የጤና ባለሙያውን ያነጋገረ አንድ ጉዳይ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አንዲት የ75 ዓመት ታካሚ ምርመራ ማሽን ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ማረጋጊያ እንዲሰጣቸው ታዘዘ። ሚዳዞላም ነበር የታዘዘው፤ የንግድ ስሙ ቨርሲድ። ነርሷ በኮምፒውተር የሚሠራው የመድኃኒት ካቢኔ ላይ የንግድ ስሙን የመጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደላት ጻፈች። አልመጣላትም። የካቢኔውን መቆለፊያ አልፋ ገባች። ስክሪኑ በእነዚያው ሁለት ፊደላት የሚጀምር ሌላ መድኃኒት አመጣላት፤ ቬኩሮኒየም። ጡንቻን ሽባ የሚያደርግ ነው። ታካሚዋ ሞቱ። ነርሷ እ.ኤ.አ. በ2022 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለች፤ በሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተለቀቀች።

ብዙ ሰው ስለ ፍርዱ ነው የሚከራከረው። እኔን የሚያሳስበኝ ካቢኔው ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ተጽፎ ገዳይ መድኃኒት የሚያቀርብ ማሽን ማን ሠራው? መቆለፊያውን ማለፍ የዕለት ተዕለት ልማድ የሆነው ለምንድን ነው? በድንገተኛ ክፍል ደግሞ ይህ ማለፊያ በየሰዓቱ ያስፈልጋል፤ ጊዜ የለማ። በዚያ ጉዳይ ላይ ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። ቬኩሮኒየም ዱቄት ነው፤ መበጥበጥ አለበት። ሚዳዞላም ግን ፈሳሽ ነው። የጠርሙሱ ክዳን ላይም ሽባ የሚያደርግ መሆኑ ተጽፏል። የታየ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ግን አይነበብም። ከዚያ በኋላ የመድኃኒት ደኅንነት ባለሙያዎች በእነዚህ ካቢኔዎች ላይ ፍለጋ ቢያንስ አምስት ፊደል እንዲጠይቅ መክረዋል። ማሽን የሌላችሁም ብትሆኑ ትምህርቱ ያው ነው። የጡንቻ ማላሊያዎችን ከሌላው ለይታችሁ፣ ክዳን ባለው ሳጥን፣ «ሽባ ያደርጋል፤ መተንፈሻ ያዘጋጁ» ብላችሁ አስቀምጡ።

ኢንሱሊን የራሱ አንቀጽ ይገባዋል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ኢንሱሊን ስኳር ላለበት ብቻ አይሰጥም። ፖታሲየሙ አደገኛ ደረጃ ለደረሰ ታካሚም ከግሉኮስ ጋር በደም ሥር ይሰጣል፤ የተለመደው ዶዝ 10 ዩኒት ነው። የተለመደው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ይይዛል። ስለዚህ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊሊትር ነው፤ ሁለት ጠብታ የምታህል። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ጠፍቶ በተራው ሲሪንጅ የቀዳ ሰው ይህች መጠን በጣም ታንስበታለች። «ይህቺማ አትሆንም» ብሎ አንድ ሚሊሊትር ይቀዳል። 100 ዩኒት ሰጠ ማለት ነው። ሕጉ አጭር ነው። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ከሌለ ኢንሱሊን አይቀዳም። ሲሪንጁ ከብልቃጡ ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጥ። ከተሰጠ በኋላም የደም ስኳሩ ለሰዓታት በተደጋጋሚ ይለካ፤ ምክንያቱም ዶዙ ትክክል ሆኖም ቢሆን ስኳር ይወርዳል፣ በተለይ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ላይ።

ልጆች ላይ ዶዝ ሁሉ በክብደት ስለሚሰላ አንድ ዜሮ ሕይወት ያጠፋል። በደም ሥር የሚሰጠው ፓራሲታሞል በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም አለው። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በኪሎ 15 ሚሊግራም ሲታሰብ 180 ሚሊግራም ይሆናል። በፈሳሽ መጠን 18 ሚሊሊትር ማለት ነው። ትዕዛዙ «180» ብቻ ካለ፣ ወይም አንዱ ሚሊግራም ሲል ሌላው ሚሊሊትር ከሰማ፣ ልጁ አሥር እጥፍ ይወስዳል። ጉበቱ ይጎዳል። ለዚህ ነው የልጅ ትዕዛዝ ሦስቱንም መያዝ ያለበት፦ ክብደቱን፣ ሚሊግራሙን፣ ሚሊሊትሩን። በተጨማሪም ለአንድ ዶዝ የሚበቃውን ብቻ ወደ ሲሪንጅ ቅዱ። ሙሉውን 100 ሚሊሊትር ጠርሙስ ልጁ ላይ አትስቀሉ።

ክብደት ይለካ እንጂ አይገመት። መለካት ካልተቻለ ቁመት የሚለካ ባለቀለም ቴፕ አለ። በ1980ዎቹ የተሠራው ብሮዝሎ ቴፕ ከቁመቱ ተነስቶ ክብደቱንና የድንገተኛ መድኃኒቶቹን ዶዝ ያሳያል። ሚዛኑ ኪሎም ፓውንድም የሚያሳይ ከሆነ ኪሎ ላይ ይቆለፍ። 22 ፓውንድ የሆነ ልጅ 22 ኪሎ ተብሎ ከተጻፈ ሁሉም ዶዝ ከእጥፍ በላይ ይሆንበታል።

«ሁለት ሰው ያረጋግጥ» የሚለው ሕግ በሁሉም ቦታ አለ። ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለይስሙላ ነው። «አምስት ሚሊግራም ነው አይደል?» «አዎ።» ይህ ማረጋገጥ አይደለም። ሁለተኛው ሰው የሰማውን ነው ያየው። እውነተኛው እንዲህ ነው። ሁለተኛዋ ነርስ ትዕዛዙን ራሷ ታነባለች። ለብቻዋ ታሰላለች። መልሷን ከመጀመሪያዋ ሳትሰማ ትናገራለች። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ሥራው ይቆማል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ለሁሉም መድኃኒት አታድርጉት። ለሁሉም ከታዘዘ ለአንዱም በትክክል አይደረግም። ለኢንሱሊን፣ ለሄፓሪን (ደም ማቅጠኛ)፣ ለደም መርጋት ማሟሚያ፣ ለጡንቻ ማላሊያ፣ በደም ሥር ለሚሰጥ ፖታሲየም፣ በማሽን ለሚንጠባጠቡ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ ለልጆች ሞርፊንና መሰል አደገኛ ዶዞች ብቻ ይሁን።

አለርጂን በተመለከተ አጭር ልሁን። «አለርጂ አለብዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «የትኛውን መድኃኒት ወስደው ምን ሆኑ?» ብለው ይጠይቁ። ፔኒሲሊን አይስማማኝም የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ሲመረመሩ አለርጂው የለባቸውም። በሌላ በኩል በእርግጥ ያለበት ሰው አሞክሲሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድ ያለበትን መድኃኒት በንግድ ስሙ ሲሰጡት ፔኒሲሊን መሆኑን ማንም ላያስተውል ይችላል። የሚወስደውን መድኃኒት ሲጠይቁም ደም ማቅጠኛ፣ የስኳር መርፌ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የወሊድ መከላከያ፣ ከሱቅ የተገዛ ማስታገሻና ባህላዊ መድኃኒት ብለው አንድ በአንድ ይጥሩ። ሰው እነዚህን «መድኃኒት» ብሎ አያስባቸውም። ቤት ያለው አስታማሚ ካለ ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዞ ይምጣ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላ ስህተት አለ፤ ያልተሰጠ መድኃኒት። አልጋ እስኪገኝ ድንገተኛ ክፍል የሚያድሩ ታካሚዎች አሉ። እነሱ የማን ናቸው? የድንገተኛው ቡድን «ተኝተዋል» ይላል፤ የዋርዱ ቡድን «ገና አልመጡም» ይላል። በመሃል የፓርኪንሰን ታማሚው ሌቮዶፓው ያልፈዋል፤ ሰውነቱ ይገተራል፣ መዋጥ ያቅተዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ይጥለዋል። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስደው ግፊቱ ይወድቃል። ስለዚህ ከስድስት ሰዓት በላይ የሚቆይ ታካሚ ሁሉ «ሰዓት የማያሳልፍ መድኃኒት አለው ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። ተቃራኒውም አለ። በአምቡላንስ ፓራሲታሞል ተሰጠ፣ ትሪያጅ (ታካሚ እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለይበት ቦታ) ላይ ተደገመ፣ ውስጥ ገብቶ ሠለሰ። የተሰጠው ወዲያው ካልተጻፈ አልተሰጠም ተብሎ ይቆጠራል። ርክክብ ላይ ቻርቱን ይዛችሁ አልጋው አጠገብ ተረካከቡ፤ የሚንጠባጠበውን ከረጢት መለያ አብራችሁ አንብቡ።

ወደ ቤት የሚሄደውንም አንርሳ። ለልጅ ሽሮፕ ሲሰጥ በቤት ማንኪያ አይሁን፤ የመለኪያ ሲሪንጅ ሰጥታችሁ ልኩ ላይ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ እናትየዋ ራሷ ቀድታ ታሳይ።

ከምን እንጀምር ላሉት፣ ሁሉንም በአንዴ አትሞክሩት። እኔ ብሆን በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። መጀመሪያ ያንን ሊሳሳት የነበረውን አምፑል ይዛችሁ ወደ ካቢኔው ሂዱ። ከማን ጋር ተምታታ? ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፎቶ አንሱ። ከዚያ አራርቋቸው። መልካቸው የሚመሳሰል ሌላ ምን አለ? አንድ ከሰዓት በኋላ ካቢኔውን ብቻ ብታዩ ብዙ ታገኛላችሁ። ፋርማሲውም ፎቶውን ይፈልገዋል፤ በሚቀጥለው ግዢ የሌላ አምራች አምፑል ሊመርጥ ይችላል። ሁለተኛ የሲሪንጅ መለያ። ሦስተኛ የቃል ትዕዛዝን ደግሞ መመለስ። እነዚህ ሦስቱ ልማድ ሳይሆኑ አራተኛ አትጨምሩ። ለኃላፊዎቹ አንድ ነገር መጠየቅ ከቻላችሁ ግን ፋርማሲስት ይሁን። በሥራ በሚበዛበት ሰዓት እንኳ እዚያው ክፍል የሚቆም ፋርማሲስት ብዙ ስህተት ከመሰጠቱ በፊት ይይዛል።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄዎ። ስህተቱ ታካሚው ጋ ከደረሰ ማን እንዳጠፋ የሚጠየቅበት ሰዓት አይደለም። የሚንጠባጠብ ከሆነ ያቁሙት፤ የደም ሥሩን ቱቦ ግን አይንቀሉት፣ ማከሚያው የሚገባበት እሱ ነው። ሐኪም ይጥሩ፤ የሆነውን ሳይሸፋፍኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። «ሞርፊን 5 ታዝዞ 15 ሚሊግራም ሰጥቻለሁ፣ ሦስት ደቂቃ ሆኖታል።» አተነፋፈሱን፣ ግፊቱን፣ የልብ ምቱን ይከታተሉ። ማርከሻዎቹ ፍለጋ የማያስፈልጋቸው ቦታ ይሁኑ፤ ለሞርፊን ናሎክሶን፣ ለሄፓሪን ፕሮታሚን፣ ለኢንሱሊን ግሉኮስ፣ ለማግኒዚየም ካልሲየም። ለጡንቻ ማላሊያ ከሁሉ የሚቀድመው በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የማስተንፈሻ ከረጢት) ማስተንፈስ ነው። አምፑሉንና ሲሪንጁን አይጣሉ።

ታካሚው ከተረጋጋ በኋላ ለእሱ ወይም ለቤተሰቡ ይነገር። ከፍተኛ ሐኪሙ ባለበት፣ በግልጽ ቋንቋ፤ ምን እንደሆነ፣ ምን እየተደረገ እንደሆነ፣ ይቅርታ ጭምር። ስህተቱን የሠራችውን ባልደረባም ብቻዋን አትተዉ። የዚያን ቀን ሌላ አደገኛ መድኃኒት እንድትቀዳ አታስገድዷት፤ ሰው አብሯት ይቀመጥ።

ሪፖርቱን በዚያው ሺፍት ጻፉት፤ ለጥቂት ያመለጠውንም ጨምሮ፤ የእናንተው ያለፈው ሰሞኑ ካልተጻፈ ዛሬ ይጻፍ። የሰው ስም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ሰዓቱ፣ ስንት ታካሚና ስንት ነርስ እንደነበረ፣ ትዕዛዙ በቃል ወይስ በጽሑፍ እንደመጣ፣ መድኃኒቱ ከየትኛው መሳቢያ እንደወጣ፣ አጠገቡ ምን እንደነበረ፣ የምትቀዳው ነርስ ስንት ጊዜ እንደተጠራች፣ ስህተቱን ማን እንዴት እንዳየው። ባልደረባዎ ባዶውን አምፑል ለማየት ምን እንዳነሳሳት ይጠይቋትና እሱንም ይጻፉት።